ያልተሞላው ክፍል ወረቀት ላይ እንዳይወጣ፦ ኤክሴል፣ ዎርድ፣ ፒዲኤፍ ወይስ ሌላ?

አንድ የተለመደ የሠራተኛ የግል መረጃ ቅጽ እንውሰድ። መጀመሪያ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ አድራሻ። ቀጥሎ የትዳር ጓደኛ። ቀጥሎ ስድስት ልጅ የሚይዝ ሰንጠረዥ። ከዚያ የትምህርት ዝግጅት፣ የሥራ ልምድ፣ የዋስ መረጃ፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ ያላገባች ልጅ ይህን ሞልታ ፕሪንት ስታደርገው አምስት ገጽ ይወጣል። የጻፈችው ግን ተሰብስቦ አንድ ገጽ ተኩል አይሞላም። የቀረው ባዶ መስመርና ባዶ ሰንጠረዥ ነው።

የወረቀቱና የቶነሩ ወጪ፣ ኮፒ ቤት ከሆነ ደግሞ በገጽ የሚከፈለው ብር፣ አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን ንባቡ ነው። የግል ማህደሩን የሚያገላብጠው ሰው የተሞላውን ከባዶው መሃል እየለቀመ ማንበብ አለበት። ፋይል ካቢኔቱም ባዶ ሰንጠረዥ ይሸከማል።

ይህን ለማስቀረት መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ሌላው ባለሙያ ይፈልጋል። የትኛው ይሻላል ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ ቅጹን ማን ይሞላዋል፣ በምን ኮምፒውተር፣ በወር ስንት ጊዜ የሚለው ይወስነዋል። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ጥያቄ አለ።

መጀመሪያ፦ መደበቅ ይፈቀዳል ወይ?

ቅጹ የእናንተ ካልሆነ አትንኩት። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ቅጾች፣ ለቤተሰብ የሚሞላው አይ-130ም ሆነ የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400፣ አስተርጓሚ ላልተጠቀመ ሰው ባዶ የሚቀር ክፍል አላቸው። ባዶ ነው ብሎ ያን ገጽ አለማተም ግን አይቻልም። በፖስታ ለሚላክ ቅጽ፣ የእትሙ ቀንና የገጽ ቁጥሩ በየገጹ ግርጌ መታየት አለበት። አንድ ገጽ ቢጎድል ወይም ከሌላ እትም የመጣ ገጽ ቢቀላቀል ማመልከቻውን ሊመልሱት እንደሚችሉ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. ከ2019 መገባደጃ እስከ 2020 መጨረሻ ደግሞ በጥገኝነት ማመልከቻው በአይ-589 ላይ አንዲት ሳጥን ባዶ ተገኘች ተብሎ ማመልከቻ የሚመለስበት አሠራር ነበር። እንዲህ ላለ ቅጽ ባዶውንም ጨምሮ ሙሉውን ማተም ነው።

ፍርድ ቤት፣ ባንክ፣ ገቢዎች ወይም ማንኛውም ሌላ አካል ያዘጋጀው ቅጽም እንዲሁ ነው። የምናወራው እናንተ ራሳችሁ ስለምታዘጋጁት ቅጽ ነው፦ የድርጅት የውስጥ ቅጽ፣ የእድር የአባላት መመዝገቢያ፣ የክሊኒክ ካርድ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የዕቃ መጠየቂያ።

የራሳችሁም ቢሆን አንድ ነገር ልብ በሉ። ክፍሉ ምንም ምልክት ሳይተው መጥፋት የለበትም። «ክፍል 4፦ የዋስ መረጃ፣ አልተሞላም» የምትል አንዲት መስመር ትቅር። አለበለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ወረቀቱን ያየ ሰው ዋስ አልቀረበም ማለት ነው ወይስ ገጹ ጠፍቷል ብሎ ይከራከራል። ፊርማና ማህተም የሚያርፍበት ወረቀት ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። የክፍሎቹንም ቁጥር በእጅ ጻፉት። ዎርድ ራሱ እንዲቆጥር ከተተወ ክፍል 4 ሲወጣ ክፍል 5 ተነስቶ 4 ይሆናል፤ ያኔ «ክፍል 5ን ይመልከቱ» የሚለው መመሪያ ሌላ ቦታ ያደርሳል።

ሁለተኛ፦ ቦታውስ ይዘጋል?

መደበቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጽሑፉን ያጠፋና ቦታውን ባዶ ይተወዋል። ሌላው ቦታውንም ጭምር ያስወግድና ከታች ያለውን ወደ ላይ ያመጣዋል። እኛ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያገኝና «ደበቅሁት፣ ገጹ ግን አልቀነሰም» ብሎ ይበሳጫል። ከዚህ በታች እያንዳንዱን መንገድ ስናይ ቀድመን የምንጠይቀው ይህን ነው።

ኤክሴል፦ ለአብዛኛው ቢሮ የሚበቃው

ኤክሴል ላይ የተደበቀ ረድፍ አይታተምም፣ ቦታም አይዝም። ምንም ሳትነካኩት እንዲህ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ቅጹ አጫጭር መልስ የሚሞላበት ከሆነ፣ ስምና ቁጥርና ቀን ከሆነ፣ ከዚህ ብትጀምሩ ይሻላል።

በወር አምስትና ስድስት ቅጽ ብቻ የምታትሙ ከሆነ ብልሃት አያስፈልግም። ባዶዎቹን ረድፎች መርጦ ኮንትሮልና 9 መጫን ብቻ ነው። ትንሽ ሥርዓት ላለው ግሩፕ የሚለውን ተጠቀሙ። ዳታ የሚለው ትር ውስጥ ነው ያለው። የክፍሉን ረድፎች መርጣችሁ ግሩፕ ስትሉ በግራ ጠርዝ የመቀነስ ምልክት ይወጣል፤ ስትጫኑት ክፍሉ ይታጠፋል፣ የመደመር ምልክቱን ስትጫኑ ይዘረጋል። ለሚሞላው ሰውም በቀላሉ ይገባዋል። ችግሩ፣ ሺቱ በፓስወርድ ከተቆለፈ እነዚህ ምልክቶች አይሠሩም። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ያልተቆለፈ ቅጽ ሳምንት ሳይሞላው ቀመሩ ይጠፋል።

እኔ የማደላው ለፊልተር ነው። ትንሽ ዝግጅት ይፈልጋል፤ አንዴ ከተሠራ ግን ማንም ይጠቀምበታል። እንዲህ ነው። ከቅጹ በስተግራ አንድ ጠባብ ዓምድ ተዉ። የልጆች ሰንጠረዥ ከረድፍ 20 እስከ 27 ድረስ ነው እንበል። በጠባቡ ዓምድ፣ ከ20 እስከ 27 ባለው በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ፣ የሰንጠረዡን መሙያ ሳጥኖች በሙሉ የሚቆጥር ካውንትኤ የተባለውን ቀመር አስገቡ። ቆጠራው ከዜሮ ከበለጠ 1፣ ካልበለጠ 0 ይስጥ። ቀመሩ ወደ ታች ሲገለበጥ የሚቆጥረው ቦታ እንዳይንሸራተት በዶላር ምልክት እሰሩት። ሁልጊዜ መታተም ያለባቸው ረድፎች ላይ ግን 1 ብቻ ጻፉ። ከዚያ በጠባቡ ዓምድ ላይ ፊልተር አድርጋችሁ 1ን ብቻ ስትመርጡ ባዶዎቹ ክፍሎች በአንዴ ይጠፋሉ።

«አልተሞላም» የምትለዋ መስመርም በዚሁ ትሠራለች። ከክፍሉ በላይ አንድ ረድፍ ጨምሩና ቀመሩን በተቃራኒው አድርጋችሁ ጻፉት፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን 1፣ ሲሞላ 0 ይስጥ።

እዚህ ላይ ሰው የሚደናቀፍባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። የሰንጠረዡን ርዕስና ተራ ቁጥር በቆጠራው ውስጥ ካስገባችሁ ክፍሉ መቼም ባዶ አይባልም። ካውንትኤ ደግሞ የማይታየውንም ይቆጥራል፦ አንድ ሰው ስፔስ ነክቶ ያለፈበት ሳጥን፣ ወይም ውስጡ ቀመር ኖሮ ባዶ የሚያሳይ ሳጥን፣ ለእሱ የተሞላ ነው። «ባዶ ሆኖ ለምን ወጣ?» ካላችሁ መጀመሪያ ስፔሱን ፈልጉ። ፊልተሩም ራሱን አያድስም። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ሪአፕላይ ማለት አለባችሁ፤ በኪቦርድ ኮንትሮል፣ አልትና ኤል ነው። ሺቱን ስትቆልፉ ፊልተሩን አስቀድማችሁ ከፍታችሁ፣ በመቆለፊያው ዝርዝር ላይ ፊልተር መጠቀምን የሚፈቅደው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ።

ሌላው መርጅ ነው። የእኛ ቢሮዎች ሴል መርጅ ማድረግ፣ ማለትም ብዙ ሳጥን አንድ ማድረግ፣ ይወዳሉ። ወደ ጎን መርጅ ማድረግ ግድ የለም፤ ወደ ታች መርጅ የተደረገ ሴል ግን ግማሹ ረድፍ ሲደበቅ ቅርጹ ይበላሻል። ጠባቡ ዓምድ ወረቀት ላይ እንዳይወጣ ፕሪንት ኤሪያውን ከሱ ቀጥሎ ካለው ዓምድ አስጀምሩ።

ቅጹ ጥቂት የታወቁ መልኮች ብቻ ካሉት፣ ለምሳሌ «ያገባ»፣ «ያላገባ»፣ «ጡረተኛ»፣ ከስተም ቪውስ የሚባለው አለ። የተደበቁትን ረድፎችና የህትመት ቅንብሩን በስም ያስቀምጥላችኋል፤ ስሙን ስትመርጡ ሁሉም ይመጣል። ፋይሉ ውስጥ የትም ቦታ ቴብል በሚለው ትእዛዝ የተሠራ ሰንጠረዥ ካለ ግን አይሠራም።

ኤክሴል የሚሸነፈው ረጅም ጽሑፍ ላይ ነው። «የችግሩን ሁኔታ በዝርዝር ይግለጹ» የሚል ክፍል ካላችሁ ተዉት። መርጅ የተደረገ ሴል እንደ ጽሑፉ ርዝመት ራሱ አያድግም፤ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ተቆርጠው ይቀራሉ።

ዎርድ፦ ጽሑፍ ለሚበዛበት

ዎርድ ላይ ጽሑፍ ሲወጣ ከታች ያለው በራሱ ይጠጋል። ስለዚህ ቦታ መዝጋቱ ላይ ችግር የለም። ጭንቀቱ የሚደበቀው በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

ቀላሉ ሂድን የሚባለው የፎንት ባሕርይ ነው። ክፍሉን መርጦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤች መጫን። ጽሑፉ ከስክሪኑም ከወረቀቱም ይጠፋል። የተደበቁ ምልክቶችን የሚያሳየውን ቁልፍ ስትነኩ በነጠብጣብ ተሰምሮበት ይታያል። ሰንጠረዥ ከሆነ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር መምረጥ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጽሑፉ ጠፍቶ መስመሩ ይቀራል።

አደጋው ይሄ ነው። የተደበቀ ጽሑፍ ይታተም ወይስ አይታተም የሚለው ምርጫ የፋይሉ ሳይሆን የፕሮግራሙ ነው። ኦፕሽንስ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለው ጋ አለ። እናንተ ጋ ምልክት አልተደረገበትም፤ መዝገብ ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ተደርጎበታል እንበል። አንዱ ፋይል እናንተ ጋ ሁለት ገጽ፣ እዚያ አምስት ገጽ ሆኖ ይወጣል። ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ላይ ለሚታተም ቅጽ ይህን መንገድ አልመክርም።

ሁለተኛው አመለካከቱን መገልበጥ ነው፦ ባዶውን ከመደበቅ የሚያስፈልገውን መጨመር። ከዎርድ 2013 ጀምሮ ሪፒቲንግ ሴክሽን የሚባል መሙያ አለ። የልጆች ሰንጠረዥ ሲከፈት አንድ ረድፍ ብቻ አለው። ሁለት ልጅ ያለው ሰው የመደመር ምልክቱን አንዴ ይጫናል፣ አምስት ያለው አራቴ። ስድስት ባዶ ረድፍ ማን ይፈልጋል? ዝርዝር ለሆነ ነገር ሁሉ፣ ለልጅ፣ ለሥራ ልምድ፣ ለተጠየቀ ዕቃ፣ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ገንቢዎች የሚጠቀሙበት ዴቨሎፐር የሚባለው ትር መከፈት አለበት፤ ኦፕሽንስ ውስጥ ሪበን ማስተካከያው ላይ ምልክት ስታደርጉበት ይመጣል።

ለሙሉ ክፍል ደግሞ የቢልዲንግ ብሎክ መሙያ አለ። የዋስን ክፍል በሙሉ አዘጋጅታችሁ እንደ ቢልዲንግ ብሎክ ታስቀምጡታላችሁ። «አልተሞላም» የምትለዋንም መስመር እንደ ሌላ ቢልዲንግ ብሎክ ታስቀምጣላችሁ። የሚሞላው ሰው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ማክሮ (ፋይሉ ውስጥ የሚጻፍ ትንሽ ፕሮግራም) የለም፣ ኮድ የለም። ግን ቢልዲንግ ብሎክ የሚቀመጠው በተምፕሌት (አዲስ ፋይል በሚጀመርበት መነሻ ፋይል) ውስጥ ነው እንጂ በተራ የዎርድ ፋይል ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ሰዉ ተምፕሌቱን መክፈት አለበት። ተራ ፋይል አድርጋችሁ በቴሌግራም ከላካችሁት ምርጫዎቹ አብረው አይሄዱም።

ማክሮ? ይቻላል፤ ምልክት ሲደረግ ክፍሉ እንዲጠፋ ማድረግ ለሚያውቀው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ግን ማይክሮሶፍት ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ላይ ያለን ማክሮ በነባሪ ይዘጋል። ቅጹ በኢሜይል የሚዞር ከሆነ ከግማሽ በላይ ሰው «አልሠራም» ብሎ ይደውልላችኋል።

አንድ ትንሽ ነገር። የዎርድ መሙያዎች ባዶ ሲሆኑ «ጽሑፍ ለማስገባት እዚህ ይጫኑ» ዓይነት ግራጫ ጽሑፍ ያሳያሉ፤ ያ ጽሑፍ ይታተማል። ዲዛይን ሞድ ከፍታችሁ ጽሑፉን በጥቂት ስፔስ ተኩት።

ፒዲኤፍ፦ ያምራል፣ ግን አይታጠፍም

ቅጽ ሲባል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ፒዲኤፍ ነው። ቅርጹ የትም አይዛባም፣ ስልክ ላይም ይከፈታል። ለእኛ ጉዳይ ግን ያ የማይዛባው ቅርጽ ራሱ እንቅፋት ነው።

ተራው የፒዲኤፍ ቅጽ አክሮፎርም ይባላል። ገጹ አስቀድሞ የተሣለ ነው፤ መሙያ ሳጥኖቹ ከላዩ ይለጠፋሉ። በአክሮባት፣ በአዶቤ የፒዲኤፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም፣ የእያንዳንዱ ሳጥን ባሕርይ ላይ አራት ምርጫ አለ፦ የሚታይ፣ የተደበቀ፣ የሚታይ ግን የማይታተም፣ የተደበቀ ግን የሚታተም። ደስ ይላል። ግን የሚደበቀው ሳጥኑ ብቻ ነው። ከሥሩ የተሣለው «የትዳር ጓደኛ ስም» የሚለው ጽሑፍና መስመሩ ባለበት ይቀራል፤ ቦታውም አይዘጋም። በጃቫስክሪፕት ከመታተሙ በፊት ሳጥኖችን መደበቅ ይቻላል፤ የተሣለው ገጽ ግን አሁንም የተሣለ ነው። የማይታተሙ ቁልፎችን፣ ለምሳሌ «አጽዳ» የሚለውን፣ ከወረቀት ለማስቀረት ይጠቅማል። ክፍል ለመደበቅ አይሆንም።

ስለዚህ በአክሮፎርም የሚያዋጣው ዘዴ ከዲዛይኑ ይጀምራል። ሁሌ የሚሞላውን በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሰብስቡት። አማራጭ የሆነውን እያንዳንዱን ክፍል በራሱ ገጽ ላይ አስጀምሩት። ከዚያ ፕሪንት ሲደረግ የገጽ ቁጥር መምረጥ ነው፤ 1-2፣ 5 ተብሎ ይጻፍና የዋስና የልጆች ገጽ ይቀራሉ። ኮድ የለውም፣ የትኛውም ፒዲኤፍ ማንበቢያ ላይ ይሠራል። ግርጌው ላይ «ገጽ 2 ከ5» የሚል ስላለ ወረቀቱን ያየ ሁሉ የቀረ ገጽ እንዳለ ያውቃል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የተያያዙ ገጾች» የሚል ትንሽ ዝርዝርና ምልክት ማድረጊያ ካስገባችሁ ጉዳዩ አለቀ።

ሁለተኛው ዓይነት ፒዲኤፍ ኤክስኤፍኤ ይባላል። ይህኛው በእርግጥ ይታጠፋል። በአዶቤ ዲዛይነር የሚሠራ ሲሆን እያንዳንዱን ክፍል ሂድን ስትሉት ቦታውም ይጠፋል፤ ኢንቪዚብል ስትሉት ግን ቦታው ይቀራል። ስክሪን ላይ ብቻ የሚታይ፣ ወረቀት ላይ ብቻ የሚወጣ የሚል ምርጫም አለው። ያሰብነው ሁሉ አለበት ማለት ይቻላል።

ችግሩ ዘመኑ ማለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የፒዲኤፍ 2.0 መስፈርት ኤክስኤፍኤ ወደፊት የማይመከር ተደርጓል። አዶቤም ዲዛይነሩን ከ2012ቱ አክሮባት 11 ጀምሮ አብሮ መስጠት አቁሟል። ስልክ ላይ አይከፈትም። ክሮም ላይ ስትከፍቱት «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል አንድ ገጽ ብቻ ያሳያችኋል፤ ብትጠብቁም ምንም አይመጣም። ለካናዳ ኢሚግሬሽን አይኤምኤም 0008 የሚባለውን ቅጽ የሞላችሁ ይህችን ገጽ ሳታውቋት አትቀሩም። ፋየርፎክስ ከ2021 ወዲህ፣ ከእትም 93 ጀምሮ፣ መክፈት ችሏል። አሁን አዲስ ቅጽ በኤክስኤፍኤ ጀምሩ የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ያላችሁ ቅጽ በሱ የተሠራ ከሆነ ግን ሳትቸኩሉ ወደ ሌላ ማዛወሩን አስቡበት። የማይክሮሶፍት የቅጽ መሥሪያ ፕሮግራም ኢንፎፓዝም እንዲሁ ነው፤ ለብቻው የህትመት ገጽታ ማዘጋጀት የሚያስችል ጥሩ ነገር ነበረው፣ የመጨረሻው እትም ግን የ2013ቱ ነው።

ሊብሬኦፊስ፦ ነፃ ነው፣ ሰው አያውቀውም

የሊብሬኦፊስ የጽሑፍ ፕሮግራም በሆነው ራይተር ውስጥ፣ ዎርድ በቀጥታ የማይሰጠው አንድ ነገር አለ። ክፍሉን ሴክሽን አድርጋችሁ «ሁኔታው ከተሟላ ደብቅ» ማለት ትችላላችሁ። አንድ መለያ ታስቀምጣላችሁ፣ «ዋስ» ብለን እንጥራው። ዋስ እኩል ይሆናል 0 ከሆነ ይደበቅ ትላላችሁ። የሚሞላው ሰው 0 ወይም 1 ይጽፋል፤ ክፍሉ ይጠፋል ወይም ይመጣል፣ ቦታውም ይዘጋል። ለአንድ አንቀጽ ብቻ የሚሆን የተደበቀ አንቀጽ የሚባል ፊልድም አለ። አንድ ነገር ብቻ ያደናግራል፦ ሁኔታው የሚጻፈው ለመደበቅ ነው እንጂ ለማሳየት አይደለም። ፋይሉን ወደ ዎርድ ቅርጽ ስትለውጡት ይህን እርግፍ አድርጎ ሊተወው ይችላል። ቢሮው በሙሉ በሊብሬኦፊስ የሚሠራ ከሆነ ብቻ ተጠቀሙበት።

ድረ ገጽ ላይ የሚሞላ ከሆነ

የድርጅታችሁ ቅጽ በብራውዘር የሚሞላና የራሳችሁ ባለሙያ ያለው ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ለህትመት ብቻ የሚሆን የሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ የሚወስን ኮድ) መመሪያ መጻፍ ከድሮም አለ። ለባለሙያው የምትነግሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ባዶው ክፍል በዲስፕሌይ ነን ይደበቅ፤ ቪዚቢሊቲ ሂድን ከተባለ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ አንዱ ክፍል በሁለት ገጽ ላይ እንዳይከፈል ይደረግ። ሀዝ የሚባለው መራጭ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ስለሚሠራ «ውስጡ የተሞላ ሳጥን የሌለው ክፍል አይታተም» ማለት ያለ ጃቫስክሪፕት ይቻላል። የድሮ ኮምፒውተር የሚበዛበት ቢሮ ከሆነ ግን በጃቫስክሪፕት ያድርገው።

መሙያውና ወረቀቱ ሲለያዩ

ቅጹ በዝቶ በወር መቶና ሁለት መቶ ከደረሰ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ትታችሁ ይህን ብትይዙ ይሻላል። ሰው የሚሞላው አንድ ቦታ ነው፤ ጉግል ፎርም፣ ኮቦ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ወይም ኤክሴል ሊሆን ይችላል። የሚታተመው ሌላ ነው፤ ከዎርድ በሜይል መርጅ (ከሰንጠረዥ መረጃ እየወሰደ ወረቀቱን በሚሞላው) የሚወጣ። መረጃው አንዴ ረድፍ ሆኖ ኤክሴል ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ይውጣ የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ።

ጉግል ፎርም «አግብተዋል?» ለሚለው «አይ» ያለውን ሰው የትዳር ጓደኛን ክፍል አሳልፎ ወደሚቀጥለው ሊወስደው ይችላል። ኮቦም ስኪፕ ሎጂክ አለው፤ በዚያ ላይ የማይመለከተው ጥያቄ ላይ ቀድሞ የተጻፈ መልስ ካለ ሲላክ ያስቀረዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌሎቹ መንገዶች መጀመሪያ «ያገባ» ብሎ የሞላ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር የድሮው መልስ ከተደበቀው ክፍል ሥር ተኝቶ ይቆያል።

በዎርድ በኩል ሜይሊንግስ ውስጥ ሩልስ፣ ከዚያ «ይህ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያን» የሚለውን ትጠቀማላችሁ። የዋስ ስም ባዶ ከሆነ «ክፍል 4፦ አልተሞላም»፣ ካልሆነ ሙሉው አንቀጽ። መስኮቷ ተራ ጽሑፍ ብቻ የምትቀበል ትመስላለች። አልትና ኤፍ9 ስትጫኑ ግን የፊልዱ ኮድ ይገለጣል፤ በትምህርተ ጥቅሶቹ መካከል ደመቅ ያለ ርዕስም፣ በርካታ አንቀጽም ማስገባት ትችላላችሁ።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብላችሁ ኤክሴል ላይ ጻፉ፦ የኮምፒውተሩ ቅንብር የአሜሪካ ከሆነ ደስ ብሎት ሜይ 13 ያደርገዋል። ሜይል መርጁም ያንኑ ይዞ ይወጣል። የሀበሻ ቀን የሚሞላበትን ዓምድ ከመጀመሪያው ቴክስት አድርጉት።

አክሰስ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ሪፖርቱ ላይ ካን ሽሪንክ የሚለውን የሳጥኑም የሴክሽኑም ባሕርይ ላይ ክፈቱት፤ ባዶ ሳጥን ራሱን ይሰበስባል። ከጎኑ ያለው መጠሪያ ጽሑፍ ግን አይሰበሰብምና እሱንም በጽሑፍ ሳጥን ተክታችሁ፣ መረጃው ባዶ ሲሆን ባዶ እንዲሆን በቀመር እሰሩት።

እንግዲህ የቱን?

የአምስት ሰው ቢሮ፣ አጫጭር መልስ፦ ኤክሴልና ፊልተር። የሚዘረዘር ነገር የሚበዛበት፣ ሁሉም ዎርድ ያለው ቢሮ፦ ሪፒቲንግ ሴክሽን። ቅጹ ወደ ውጭ ሰው የሚላክ፣ በስልክም በኮምፒውተርም የሚከፈት ከሆነ አክሮፎርም፣ በገጽ የተከፋፈለ። ብዛት ካለ ሜይል መርጅ። አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ለአብዛኛው ሰው ኤክሴሉን እላለሁ፤ የሚያምር ወረቀት አይወጣውም፣ ግን የሠራው ሰው ሥራ ቢለቅ እንኳ የሚተካው ሰው ገብቶት ይቀጥላል። የማክሮ ቅጽ ባለቤቱ ሲለቅ አብሮት ይለቃል።

የትኛውንም ብትመርጡ የተደበቀ ነገር የጠፋ ነገር አይደለም። ደመወዝ ወይም የጤና መረጃ ያለበትን ረድፍ ደብቃችሁ የኤክሴሉን ፋይል ራሱን ከላካችሁ፣ ተቀባዩ በሁለት ክሊክ ያወጣዋል። ዎርድም እንዲሁ። ዎርድና ኤክሴል ኢንስፔክት ዶክዩመንት የሚል የተደበቀን ፈልጎ የሚያወጣ አላቸው፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ፋይሉን ሳይሆን ፒዲኤፉን መላክ ነው።

ሰዉ እጅ ከመግባቱ በፊት ቅጹን በሦስት መልክ ሞልታችሁ አትሙት፦ አማራጭ ክፍሎቹ ሁሉ ባዶ ሆነው፣ ሁሉም ሞልተው፣ እና ከአንዱ ክፍል የመጨረሻዋ ሳጥን ብቻ ተሞልታ። ስህተት የሚገኘው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ነው፤ አንዲት ስልክ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ክፍል ባዶ ተብሎ ይቀራል። ህትመቱ ኮፒ ቤት የሚደረግ ከሆነ ደግሞ የኤክሴሉን ወይም የዎርዱን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ አትሂዱ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር የናንተ የአማርኛ ፎንት ላይኖረው ይችላል፣ የተደበቀውንም እንዲያትም ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ቢሯችሁ ውስጥ ፒዲኤፍ አድርጉት፣ ገጹን ቁጠሩ፣ ከዚያ ውሰዱት።